ፀሐይና ጨረቃ ከሰማይ በላይ፦ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራው የቻይና ፊደል

ጥያቄ፦ «በሺአን ከተማ የምማር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የቺየንሊንግን የነገሥታት መቃብር ልናይ ሄደን አስጎብኚዋ ደብተሬ ላይ አንድ ፊደል ጻፈችልኝ። ከላይ በግራ ፀሐይ፣ በቀኝ ጨረቃ፣ ከሥራቸው ደግሞ ‹ባዶ› የሚለው ፊደል አለ። በመማሪያ መጽሐፋችን ፈልጌ አጣሁት። ጓደኛዬ ‹ሴት ከሰማይ በላይ› ማለት ነው ትላለች። እውነት ነው? እንዴት ይነበባል? ማንስ ነው የፈጠረው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጓደኛሽ ተሳስታለች፤ ግን ከየት እንዳመጣችው ይገባኛል። ፊደሉ ውስጥ «ሴት» የሚል አንድም ቁራጭ የለም። የቻይንኛውን የሴት ፊደል ገና በመጀመሪያው ወር ተምረሽዋል፤ ተንበርክካ ከተቀመጠች ሴት ሥዕል የመጣው ነው። እዚህ የለም። ሴትየዋ ያለችው ከፊደሉ ጀርባ ነው፤ ስሟ ስለሆነ።

ባጭሩ ልመልስልሽና ከዚያ እዘረዝረዋለሁ። ፊደሉ «ጃው» ተብሎ ይነበባል። ትርጉሙ ማብራት፣ ብርሃን መስጠት ነው። የወጣው በ689 መጨረሻ ላይ፣ ለዉ ዘትየን ስም እንዲሆን ነው። አንቺ ያየሽው መቃብር የእሷና የባሏ የጋውዞንግ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለ ሴትየዋ ብዙ አልልም፤ አስጎብኚዋ ነግራችኋለች ብዬ ልውሰድ። በ14 ዓመቷ ለንጉሡ ታይዞንግ ቤተ መንግሥት ገባች። እሱ ሲሞት የልጁ የጋውዞንግ ሚስት ሆነች። ባሏ በ683 ሲሞት ልጆቿን እያነሣችና እያስቀመጠች ሥልጣኑን ያዘች። በ690 ደግሞ የታንግን ሥርወ መንግሥት አቁማ «ጆው» የሚል የራሷን መሠረተች፤ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ማዕረግም ወሰደች። በቻይና ታሪክ ይህን ማዕረግ ይዛ በራሷ ስም የገዛች ሴት እሷ ብቻ ናት። በ705 ከዙፋን አወረዷት፤ በዚያው ዓመት ሞተች።

አሁን ወደ ፊደሉ። የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ጓንግ በ1084 በጨረሰው ታላቅ ዜና መዋዕል ነገሩን በጥቂት ቃላት ያልፈዋል። ዞንግ ቺንከ የሚባል ሹም «ሰማይ»ን «ምድር»ን የመሳሰሉ 12 ፊደሎችን በአዲስ መልክ ሠርቶ አቀረበ፤ በሥራ ላይ ዋሉ፤ እሷም ራሷን «ጃው» ብላ ሰየመች። በቃ። ስለዚህ «ራሷ ቁጭ ብላ ፈጠረችው» የሚለው ወሬ መዝገቡ ላይ የለም። ሰውየው ደግሞ ባዳ አልነበረም፤ የአጎቷ ልጅ የወለደችው ዘመዷ ነው። ዝምድናው ግን ብዙም አልጠቀመውም። በዓመቱ በጉቦ ተከሶ ወደ ሩቅ አገር ተጋዘና እዚያው ሞተ።

ከዚያ በፊት ስሟ ማን ነበር? ወላጆቿ ያወጡላት ስም በታሪክ መዛግብት አልተጻፈም። «ሜይ» የሚለውን ታይዞንግ ነው ያወጣላት፤ ቆንጆዋ እንደ ማለት ነው። «ዘትየን» ደግሞ ከዙፋን ከወረደች በኋላ ከተሰጣት ማዕረግ የመጣ ነው። ራሷ መርጣ የያዘችው ስም ይሄ አንቺ ደብተር ላይ ያለው ብቻ ነው።

እስቲ ፊደሉን እንፍታው። ፀሐይና ጨረቃ ጎን ለጎን ሲቆሙ «ሚንግ» የሚለውን ፊደል ይሰጣሉ፤ ብሩህ ማለት ነው፤ ታውቂዋለሽ። ከሥር ያለው «ኮንግ» ነው። ባዶ ማለት ነው፤ ግን ሰማይም፣ ህዋም ማለት ነው። ስለዚህ በቀጥታ ሲነበብ ፀሐይና ጨረቃ አብረው ከሰማይ በላይ ሆነው ያበራሉ ነው ነገሩ። በቀን ፀሐይ ነች፣ በሌሊት ጨረቃ ነች፤ የማታበራበት ሰዓት የለም። ልኩን ለማያውቅ ገዥ የሚመጥን ስም ነው።

የጓደኛሽ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። በቻይናውያን አስተሳሰብ ፀሐይ ከወንዴው ከያንግ፣ ጨረቃ ከሴቴው ከዪን ጋር ይያያዛሉ። ዛሬ ብዙ ሰው «ወንዱም ሴቱም እኩል ከሰማይ በላይ» ብሎ ይተረጉመዋል። ደስ የሚል ትርጉም ነው፤ ግን የዘመናችን ንባብ ነው። እኔ ይበልጥ የሚታየኝ የቡድሃው ጎን ነው። «ኮንግ» በቻይና ቡድሂዝም ውስጥ ትልቅ ቃል ነው፤ የነገሮችን ሁሉ ባዶነት የሚገልጸው ትምህርት በዚሁ ፊደል ነው የሚጻፈው። እሷም በመነኮሳቱ ላይ ተደግፋ ነው ዙፋን ላይ የወጣችው። በ690 መነኮሳት «በሴት አካል የሚገለጥ ገዥ ይመጣል» የሚለውን የታላቁ ደመና ሱትራ (የቡድሃ ቅዱስ መጽሐፍ ነው) ከነማብራሪያው አቀረቡላት። እሷም በየአውራጃው በሱትራው ስም ገዳም እንዲቆም አዘዘች። የኮንፊውሺየስ ሊቃውንት ለሴት ገዥ ቦታ አልነበራቸውም፤ መነኮሳቱ ሰጧት። ስለዚህ «ኮንግ» እንዲሁ በአጋጣሚ የገባ አይመስለኝም። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፤ ያስገባው ሰው ምክንያቱን ጽፎ አልተወልንም።

ለባለሙያ ግን የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቹ የቻይና ፊደሎች ሁለት ክፍል አላቸው፤ አንዱ ስለ ትርጉሙ፣ ሌላው ስለ ድምፁ ይጠቁማል። «ማብራት» የሚለውን የተለመደውን ጃው ተመልከቺ። በመማሪያ መጽሐፍሽ ውስጥ አለ፤ «ፎቶ» በሚለው ቃል ውስጥ የምትጽፊው ራሱ ነው። በግራ ፀሐይ አለች፣ ከታች አራት ነጥቦች አሉ፤ እሳት ናቸው። በቀኝ በኩል ያለው ቁራጭ ግን ከብርሃን ጋር ምንም የለውም፤ «መጥራት» ማለት ነው። እዚያ የተቀመጠው «ጃው» ተብሎ ስለሚነበብ ብቻ ነው። አንባቢው እሱን አይቶ ድምፁን ያገኛል።

አዲሱ ፊደል ይህን ቁራጭ አውጥቶ ጣለው። ሦስቱንም ክፍሎች ብታነቢ «ሪ»፣ «ዩዌ»፣ «ኮንግ» ነው የምትዪው። ከአንዳቸውም «ጃው» አይወጣም። ትርጉሙ በሙሉ ተዘርግቷል፤ ድምፁ ግን የለም። ማንም ሰው አይቶት ሊያነበው አይችልም፤ ሊነገረው ግድ ነው። ከሷ ዘመን አዳዲስ ፊደሎች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። «ሰው» የሚለው «አንድ» እና «ሕይወት» ተደርቦ ተጻፈ። «የንጉሥ አገልጋይ» የሚለው «አንድ» እና «ታማኝነት» ሆነ። «ምድር» ተራራ፣ ውኃና አፈር ተደራርበው ተሠራ። «ኮከብ» ክብ ሆነ፤ አዎ፣ ዜሮ የመሰለ ባዶ ክብ። ለጽሕፈት ሥራ አይመቹም። ሁሉም በአዋጅ የወጡ መፈክሮች ናቸው ብትዪ አልከራከርሽም። ጠቅላላ ቁጥራቸው በኋላ ወደ 18 ገደማ ደርሷል።

አንዱን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። «አገር» የሚለው ፊደል አራት ማዕዘን አጥር አለው። በጊዜው የነበረ ጸሐፊ እንደሚያወራው፣ አንድ ሰው መጥቶ «በአጥሩ ውስጥ የእርስዎን የቤተሰብ ስም፣ ዉን፣ እናስገባ፤ አገሪቱን ይጠብቃል» አላት። ደስ ብሏት ፈቀደች። ከወር በኋላ ሌላው መጣ። «ግርማዊነትዎ፣ አጥር ውስጥ ሰው ሲገባ እኮ ‹እስረኛ› የሚለው ፊደል ነው! ዉን አጥር ውስጥ ማስገባት ከእሱ በምን ይለያል?» አለ። ወዲያው ተሰረዘ። በምትኩ በአጥሩ ውስጥ «ስምንት አቅጣጫ» የሚል ገባ። ይህኛው ፊደል ከሷ በኋላም አልጠፋም። ጃፓን ውስጥ የሚቶው ገዥ ቶኩጋዋ ሚትሱኩኒ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስሙን የጻፈበት ይኸው ነው፤ እስካሁን ጃፓናውያን ያውቁታል። የዛሬዋ ዩናን ውስጥ የነበረው የዳሊ መንግሥትም የአገሩን ስም በዚሁ ፊደል ይጽፍ ነበር።

ወደ ንባቡ ልመለስ። «ጃው» ብዬ የጻፍኩልሽ ለመቅረብ ያህል ነው። የመጀመሪያው ድምፅ የእኛ «ጀ» አይደለም፤ የእኛው ጉሮሮን ያነዝራል፣ የእነሱ አያነዝርም። የምላስሽን ጫፍ ወደ ላንቃሽ ወደኋላ አጠፍ አድርጊና «ቸ» ለማለት ሞክሪ፤ ትንፋሹን ግን አታውጪ። «ጨ» እንዳይሆንብሽ ግን፤ እኛ አፋችን ለ«ጨ» ስለሚቀና ቶሎ እዚያ ነው የምንሄደው። ዜማው አራተኛው ነው፤ ከላይ ይጀምርና ይወድቃል። ልጅ ሲያስቸግርሽ «ተው!» ብለሽ እንደምትቆጪው አድርገሽ በዪው።

«ድምፁን የሚጠቁም ቁራጭ ከሌለው፣ ከ1300 ዓመት በኋላ ጃው መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብትዪኝ ልክ ነሽ። ሦስት መንገድ አለ፤ ሦስተኛው ከሁሉም ይጣፍጣል።

አንደኛው ራሳቸው መዝገበ ቃላቶቹ ናቸው። በ1716 የተጠናቀቀው የካንግሺ መዝገብ ፊደሉን ይዞታል፤ ንባቡም ትርጉሙም እንደ ተለመደው ጃው እንደሆነ ይናገራል።

ሁለተኛው የድሮዎቹ የቤት መምቻ መዝገቦች ናቸው። ለግጥም ቤት መምቻ የሚሆኑ ቃላትን ያሰባስባሉ። ቻይናውያን ድምፅን ብቻውን የሚይዝ ፊደል ስላልነበራቸው ንባብን የሚያሳዩት በሁለት ፊደል ነበር፤ ከመጀመሪያው መነሻውን፣ ከሁለተኛው የቀረውን ትወስጃለሽ። በ1008 የተዘጋጀው ጓንግዩን የሚባለው መዝገብ ለተለመደው ጃው «ጅ» እና «ሻው» የሚነበቡ ሁለት ፊደሎችን ይሰጣል። ከ«ጅ» መነሻውን፣ ከ«ሻው» መጨረሻውን ውሰጂ። ራስሽ ሞክሪው፤ ዛሬም ይሠራል።

ሦስተኛው ከፍርሃት የመጣ ማስረጃ ነው። በቻይና የንጉሥን ስም መጻፍም መጥራትም ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነበር። ታይዞንግ ስሙ ሺሚን ስለነበር፣ እሱ ከሞተ በኋላ «ሚን» የሚል ቃል የነበረበት ትልቅ መሥሪያ ቤት ስሙን ቀየረ። ዉ ዘትየን «ጃው» ስትባል ደግሞ ችግር ተፈጠረ። የንጉሥ አዋጅ የሚባለው ቃል ራሱ «ጃው» ነበር፤ በሌላ ፊደል ይጻፋል፣ ድምፁ ግን አንድ ነው፤ በጓንግዩንም ሁለቱ በአንድ ንባብ ሥር ናቸው። ስለዚህ በዚያው ጊዜ አዋጅ ሁሉ «ጅ» ተብሎ እንዲጠራ ታዘዘ። ፊደሎቹ አይመሳሰሉም፤ የሚያገናኛቸው ድምፃቸው ብቻ ነው። ቃሉ ባይቀየር ኖሮ እኛ ይህን ያህል እርግጠኛ አንሆንም ነበር።

ጦሱ የልጅ ልጇንም ነክቷል። የልጇ የጆንግዞንግ ልጅ ቾንግጃው ይባል ነበር። የአያቱ ስም ስላለበት ቾንግሩን ተባለ። ስሙን ቀየሩለት እንጂ አላዳኑትም። በ701 አያቱን በሐሜት አንሥቷል ተብሎ በእሷው ትእዛዝ ሞተ፤ 19 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ ቺየንሊንግ አጠገብ ነው፤ ልዑል ዪደ በሚለው ማዕረጉ ትፈልጊዋለሽ። ሌላ ጊዜ ስትሄጂ ግቢና የግድግዳ ሥዕሎቹን እዪ።

እዚህ ላይ ነው ፊደሉ ብርቅ የሆነበት ምክንያት ያለው። አብረውት የወጡት «ሰው»፣ «ምድር»፣ «ዓመት» የዕለት ቃላት ስለሆኑ ጸሐፊዎች በየቀኑ ጽፈዋቸዋል። በ1900 በደንሁዋንግ ዋሻ ውስጥ በተገኙት የእጅ ጽሑፎችና በብዙ የመቃብር ድንጋዮች ላይ ሞልተዋል። ጃውን ግን ማንም እንደ ተራ ቃል ሊጽፈው አይችልም፤ የንጉሠ ነገሥቷ ስም ነው። ያወጣችው ሊጻፍ ሳይሆን ሊፈራ ነው ማለት ይቻላል። ቺየንሊንግ ላይ ያለው ትልቁ የሷ ሐውልት ድንጋይ እንኳ ባዶውን ነው የቆመው፤ አሁን የምታዪው ጽሑፍ ሁሉ በኋላ ዘመን ሰዎች የጨመሩት ነው።

ታዲያ ማን ሊጽፈው ይችላል? ንጉሥ ስሙን የሚጠራው ከእሱ በላይ ላለ ብቻ ነው፤ ለአማልክት። እንዲህ ያለ አንድ ዕቃ አለን።

በ1982 በሄናን ክፍለ ሀገር፣ በሶንግ ተራራ ጫፍ አካባቢ አንድ ገበሬ ከድንጋይ ሥር ቀጭን የወርቅ ሰሌዳ አገኘ። ርዝመቱ 36.2 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 223.5 ግራም ነው። ሦስት መስመር ላይ 63 ፊደሎች ተቀርጸውበታል። የተጻፈው በ700፣ በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ነው። የታላቋ ጆው አገር ገዥ ዉ ጃው እውነተኛውን የዳዎ (የቻይና ጥንታዊ እምነት) መንገድና ረጅም ዕድሜን እንደምትወድ ይናገራል። ቀጥሎ ሦስቱ የሰማይ ሹማምንትና ዘጠኙ መሥሪያ ቤቶች የዉ ጃውን ኃጢአት እንዲሰርዙላት ይለምናል። ስሟ ሁለት ጊዜ አለ፤ ሁለቱም ጊዜ ደብተርሽ ላይ ባለው ፊደል። «አገር» የሚለውም በአዲሱ፣ በስምንቱ አቅጣጫ ነው የተጻፈው።

ሰሌዳውን ወደ ተራራው ያደረሰው ሁ ቻው የሚባል መልእክተኛ ነው፤ ስሙን ከታች አስቀርጿል። ሲማ ጓንግ በዚሁ ስም የሚጠራ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የረጅም ዕድሜ መድኃኒት ሲቀምምላት እንደቆየ፣ ጠጥታውም ትንሽ እንደተሻላት ይተርካል። ያኔ ሰባዎቹን ካጋመሰች ቆይታለች። ሰማይንና ምድርን በአዋጅ የቀየረች ሴት፣ በስሟ ለሰማይ መሥሪያ ቤቶች ማመልከቻ ስታስገባ ታዪያታለሽ። ሰሌዳው ዛሬ በጀንግጆው ከተማ በሄናን ሙዚየም ነው። ከሺአን በፈጣኑ ባቡር ሩቅ አይደለም፤ ሂጂና እዪው።

በ705 ልጇ ሲመለስ ታንግም ተመለሰ፣ አሮጌዎቹ ፊደሎችም ተመለሱ። ስለዚህ የሷ ፊደሎች በአብዛኛው የኖሩት 15 ዓመት ገደማ ነው። ይህ ለእኛ ጠቀመን። ቀን የሌለው ጽሑፍ ሲገኝ መጀመሪያ የምንፈልገው እነሱን ነው። በ1966 በኮሪያ፣ በግዮንግጁ በሚገኘው ቡልጉክሳ ገዳም ውስጥ ካለ የድንጋይ ግንብ አንድ የታተመ ጥቅል ሱትራ ወጣ። ግንቡ የተሠራው በ751 ገደማ ነው። ጥቅሉ ላይ የሷ ፊደሎች ስላሉበት ሊቃውንት ወደ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳቡት፤ ከዓለም ጥንታዊ የእንጨት ሕትመቶች አንዱ ነው። ኮሪያ ታተመ ወይስ ቻይና ታትሞ ሄደ በሚለው ላይ የሁለቱ አገር ምሁራን እስካሁን ይነታረካሉ። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የዳሊን ነገር ነግሬሻለሁ፤ ፊደሉን አይቶ «የሷ ዘመን ነው» ብሎ መዝለል ያሳፍራል። በኋላ ዘመን የሚገለብጥ ጸሐፊም ያየውን እንዳለ ሊገለብጥ ይችላል።

ለምን በመማሪያ መጽሐፍሽ እንደሌለ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ከአንድ ሰው ስም ሌላ ሥራ የለውም። ዛሬ ለልጃቸው የሚያወጡት ወላጆች አሉ፤ ልጁ ግን ዕድሜ ልኩን በየመዝገብ ቤቱ መስኮት እያስረዳ ይኖራል።

ስልክሽ ላይ ግን አለ። የቻይንኛውን መጻፊያ ክፈቺና በላቲን ዜድ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኦ ብለሽ ዝርዝሩን ወደ ታች ሂጂ። ካጣሽው በጣት መጻፊያው ሣዪው። ስትጽፊው በጠቅላላው 16 ጭረት ነው፤ ፀሐይ 4፣ ጨረቃ 4፣ ኮንግ 8። መጀመሪያ ፀሐይን፣ ቀጥሎ ጨረቃን፣ መጨረሻ ታችኛውን። አንዳንድ መጽሐፍና ድረ ገጽ ላይ ከላይ ፀሐይና ጨረቃ ሳይሆን ሁለት «ዓይን» ታገኚያለሽ። ያ በኋላ ዘመን የመጣ ቅጂ ነው፤ ጭረት ሲጨመርበት ፀሐይም ጨረቃም ዓይን ሆነው ነው። አስጎብኚሽ የጻፈችልሽን ያዢ፤ እሱ ትክክል ነው።